አንድ ስም፣ ብዙ መዝገብ

ሃሽ ማፕ በኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ መረጃን በ«ቁልፍ» የሚያስቀምጥና ቁልፉ ሲሰጠው ሌላውን ሁሉ ሳያገላብጥ ወዲያው አውጥቶ የሚያቀርብ ዘዴ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ለአንድ ቁልፍ አንድ መረጃ።

በዚህ ደንብ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብናደራጅስ? የባለጉዳዩ ስም ቁልፍ፣ የመዝገብ ቁጥሩ መረጃ ይሁን። አበበ ከበደ በቁጥር 101 ተመዘገበ እንበል። ከሳምንት በኋላ ያው ሰው ወይም ሞክሼው በቁጥር 245 ሲመጣ ፕሮግራሙ «ስህተት» አይልም፤ 101ን አንስቶ 245ን ይተካበታል። በጃቫ ቋንቋ የማስገቢያው ትእዛዝ የተነሳውን ቁጥር መልሶ ይሰጣል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ካልተቀበለው ግን ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ብዙዎች «ግጭት» ከሚባለው ጋር ያምታቱታል። ሁለት የተለያዩ ቁልፎች በስሌት አንድ ክፍል ቢደርሳቸው ሃሽ ማፑ ራሱ ለይቶ ይይዛቸዋል። የሚጠፋው ቁልፉ ያው ሲሆን ነው።

መፍትሔው በአንዱ ቁጥር ፋንታ የቁጥሮች ዝርዝር ማስቀመጥ ነው። ቁልፉ ከሌለ አዲስ ዝርዝር ይከፈታል፤ ካለ በነባሩ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ይህን «ኮምፒውት ኢፍ አብሰንት» በተባለ ትእዛዝ አሳጥሮታል፤ ፓይዘን «ዲፎልትዲክት»፣ ሲ ፕላስ ፕላስ «መልቲማፕ» አላቸው። የመጨረሻው ቁጥር ሲሰረዝ ቁልፉንም ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምንም መዝገብ የሌለው ሰው ስሙ ብቻ ይቀራል።

ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። 101 እና 245 በአንድ ስም ሥር ስለተቀመጡ የአንድ ሰው ናቸውን? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 የቤተሰብ ስም ደንግጎ ነበር፤ ልማዳችን ግን አልተቀበለውም። ዛሬም የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው፤ እስከ አያት የሚገጥም ሞክሼም አይጠፋም። አንደኛው አበበ የፍርድ ባለዕዳ ቢሆን፣ ስምን ብቻ አይቶ የተሰጠ እግድ የሚያርፈው በሌላኛው አበበ ቤት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አደረጃጀቱ ሁለት ደረጃ ቢኖረው ይመረጣል። ስሙ የሞክሼዎቹን መለያ ቁጥሮች ዝርዝር ያወጣል፤ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር ደግሞ የባለቤቱን መዝገቦች ብቻ። ከዝርዝሩ የትኛው አበበ እንደሆነ የሚለየው መታወቂያውን የሚያየው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው።