ፎቶው የማን ነው? የፈጣን ፊልም መመለስ ከጎንደር ሲታይ

የፖላሮይድ ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ፎቶውን እዚያው የሚያወጣውን ፈጣን ፊልም ማምረት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ቴክኖሎጂው ያበቃለት መስሎ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቂት ሰዎች በኔዘርላንድ ኤንስኬዴ የቀረውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያዎች ገዝተው ኬሚካሉን እንደ አዲስ መቀመም ጀመሩ። ፉጂፊልም ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያዋለውን የፈጣን ፎቶ ካሜራ ኢንስታክስን ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ የበጀት ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ገዢዎቹ በአመዛኙ ከስልክ ጋር ያደጉ ወጣቶች ናቸው። ነገሩን ብዙዎች በናፍቆት ያስረዱታል። ሰው ያልኖረበትን ዘመን ሊናፍቅ ይችላል ብንል እንኳ፣ ከዚያ ዘመን ዕቃዎች ሁሉ ይሄኛው ለምን እንደተመረጠ ናፍቆት አይነግረንም። የእኔ ግምት ሌላ ነው፤ ወጣቶቹ የፈለጉት እዚያው ለተነሺው የሚሰጥ ፎቶ ነው።

ይህን ለመረዳት ጎንደር ጥሩ ቦታ ናት። በከተማዋም ሆነ በደጋው ፎቶ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበት ለወዳጅ የሚሰጥ፣ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ንብረት ሆኖ ኖሯል። ስልክ ይህን ልማድ አዳከመው፤ ምስሉ በዛ፣ ስጦታው ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ ለሌላው መድረሱ በሰው እጅ ባልሆነ ነገር ላይ የቆመ መሆኑ በግልጽ ታየ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ችግሩ ነበር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስንት እረኛ፣ ስንት ገብስ አጫጅ በጎብኚ ካሜራ ተነስቷል! ምስሉ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ተነሺው ግን መልኩን እንኳ ሳያይ ቀርቷል።

ፈጣን ፎቶ የቁጥጥር መሣሪያም ነበር የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ እውነት ነው። የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ መንግሥት ለጥቁሮች የይለፍ ደብተር ፎቶ ፖላሮይድን ተጠቅሟል። የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች በ1970 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ አስነስተው፣ ኩባንያው በ1977 እ.ኤ.አ. ከአገሪቱ ወጥቷል። ታሪኩ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል፦ ፍጥነቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ በማን እጅ መግባቱ ነው። እኛም አገር ለመታወቂያ የሚነሳው አስቸኳይ ጉርድ ፎቶ ለመዝገብ እንጂ ለወዳጅ አልነበረም።

የዋጋው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የኢንስታክስ ሚኒ አንድ ካርትሪጅ 10 ፎቶ ብቻ ያነሳል፤ ፊልሙም ከውጭ የሚገባ ነው። ብርዱም አለ። ፎቶው ከካሜራው ሲወጣ ሮለሮቹ በጠርዙ ላይ ያለችውን የኬሚካል ከረጢት ጨምቀው ፈሳሹን በወረቀቱ ላይ ያዳርሱታል፤ የፖላሮይዱ ፈሳሽ በደንብ የሚሠራው ከ13 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ ማለዳ የተነሳ ፎቶ፣ ቶሎ በጋቢ ሥር ካልተሸጎጠ፣ ገርጥቶና ወደ ሰማያዊ አድልቶ ይወጣል። (ብዙዎች እንደሚያደርጉት ማራገብ ምንም አይፈይድም።) ኔጋቲቭ ስለሌለውም ከጠፋ ጠፋ ነው።

ስለዚህ ጎንደርን ኢንስታክስ ያጥለቀልቃታል ብዬ አልጠብቅም፤ ያስፈልጋታልም አልልም። ዲጂታል ካሜራና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማተሚያ የፊልሙን ዋና ጥቅም በርካሽ ይሰጣሉ። በጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ካሜራ ይዘው የሚወርዱ ባለሙያዎችም ሆኑ ጎብኚዎች፣ ያነሱትን ሰው ፎቶ እዚያው አትመው ይስጡት።