የቶንሲል ጠጠርና መጥፎ የአፍ ጠረን፦ የምንመገበው ምግብ ድርሻው ምን ያህል ነው?

መጥፎ የአፍ ጠረን ሰውን ከሰው የሚያርቅ የጤና እክል ነው። ችግሩ ያለበት ሰው ሲናገር አፉን በእጁ ይከልላል፣ ተጠግቶ መጨዋወትን ይሸሻል፤ አብረውት ያሉትም እውነቱን ሊነግሩት ያፍራሉ። በዚህ የተነሳ በርካቶች ባለሙያ ሳያማክሩ የሚወዱትን ምግብ ይተዋሉ፣ ጠረን ይደብቃል የተባለውን ሁሉ ይገዛሉ። ከጉሮሯቸው ነጭ ጠጠር መሰል ነገር የወጣ ዕለት ደግሞ ከባድ በሽታ የያዛቸው ይመስላቸዋል።

ይህ ነጭ ወይም ቢጫ ነገር የቶንሲል ጠጠር ይባላል። በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የካንሰር ምልክትም አይደለም። ሆኖም ሽታው ጠንካራ በመሆኑ ለመጥፎ የአፍ ጠረን ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ምግብ ለጠጠሩም ሆነ ለጠረኑ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ የቶንሲል ጠጠርን ለብቻው የሚፈጥር አንድ ምግብ የለም፤ የተፈጠረውን የሚያሟሟ ምግብም የለም። ምግብ በአፍ ጠረን ላይ ለውጥ የሚያመጣው በሦስት መንገዶች ነው፦ በአፍ ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቀለብ በመሆን፣ የምራቅን መጠን በመጨመር ወይም በመቀነስ፣ እንዲሁም ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል በመውጣት። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የትኛውን ልማድ መለወጥ እንደሚገባ ያሳያል።

የቶንሲል ጠጠር እንዴት ይፈጠራል?

ቶንሲሎች በጉሮሮ ግራና ቀኝ የሚገኙ የሰውነት መከላከያ አካላት ናቸው። በአፍና በአፍንጫ በኩል የሚገቡ ተሕዋስያንን ቀድመው በመለየት ሰውነት ራሱን እንዲከላከል ያግዛሉ። ገጻቸው ግን ልሙጥ አይደለም። በእያንዳንዱ ቶንሲል ላይ ከ10 እስከ 30 የሚደርሱ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ጠባብ ቀዳዳዎች ይገኛሉ።

በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ከአፍ ግድግዳ የሚረግፉ የሞቱ ሕዋሳት፣ አክታ፣ ባክቴሪያና የምግብ ፍርፋሪ ይጠራቀማሉ። በብዙ ሰዎች ዘንድ ይህ ክምችት በመዋጥና በምራቅ ታጥቦ ይሄዳል። ቀዳዳዎቹ ጥልቅ ከሆኑ ግን እዚያው ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላም በምራቅ ውስጥ የሚገኙ እንደ ካልሲየም ያሉ ማዕድናት ይጋገሩበትና ይጠጥራል። ቶንሲላቸው በተደጋጋሚ የሚቆጣባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ጠጠሩ ከሕፃናት ይልቅ በአዋቂዎች ላይ ይዘወተራል።

አብዛኞቹ ጠጠሮች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያክሉ ናቸው። አንዳንድ ሰው ጠጠር እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል። በሌሎች ላይ ደግሞ ጉሮሮ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ያለ የሚያስመስል ስሜት፣ ሲውጡ መቆርቆር፣ አንዳንዴም ወደ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ያስከትላል። ጆሮ የሚያመው ቶንሲልና ጆሮ የሚጋሩት ነርቭ በመኖሩ እንጂ ጆሮው ራሱ ታሞ አይደለም።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው መጥፎ የአፍ ጠረን ከጨጓራ የሚመጣ ይመስለዋል። እውነታው ግን ከ10 ሰዎች በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ የችግሩ ምንጭ አፍ ራሱ ነው። ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘው ቧንቧ በምንውጥበትና በምናገሳበት ጊዜ ካልሆነ በቀር በአብዛኛው ዝግ በመሆኑ የጨጓራ ሽታ ያለማቋረጥ ወደ አፍ አይወጣም።

ሽታውን የሚያመነጩት አየር በማይደርስበት ሥፍራ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከምግብ፣ ከምራቅና ከሞቱ ሕዋሳት የሚያገኙትን ፕሮቲን ሲሰባብሩ የድኝ ባሕርይ ያላቸው ጋዞች ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሆን ሁለተኛው ሜቲል መርካፕታን ይባላል።

ለባክቴሪያዎቹ ከሁሉ የሚመቸው ሥፍራ የምላስ የኋለኛው ክፍል ነው። ቀጥሎ የታመመ ድድና የተቦረቦረ ጥርስ ይመጣሉ። የቶንሲል ቀዳዳዎችም አየር የማይደርስባቸው በመሆናቸው ተመሳሳይ ምቾት ይሰጣሉ። በመሆኑም ጥርሱን በየቀኑ የሚቦርሽ ሰው ምላሱንና ድድን ችላ ካለ፣ ወይም ጠጠር ካለበት፣ ጠረኑ ላይለቀው ይችላል።

የባክቴሪያ ቀለብ የሚሆኑ ምግቦች

ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ለጤና ጠቃሚ በመሆናቸው ሊተዉ አይገባም፤ ችግር የሚሆነው በጥርስ መሐል የሚቀረው ርዝራዥ ነው። በተለይ የሥጋ ጭረት በጥርሶች መካከል ካደረ ለባክቴሪያዎች የሌሊት ቀለብ ይሆናል። ስቴኪኒ ትልልቁን ቢያወጣም ቀጭኑን ርዝራዥ የሚጠርገው የጥርስ ክር ነው።

ስኳር የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ጣፋጭ ምግብና መጠጥ ጥርስን የሚያቦረቡር አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን ይመግባል፤ በጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻም ያበዛል። ውሎ አድሮ የተቦረቦረው ጥርስና የቆሰለው ድድ የሽታ ምንጭ ይሆናሉ። እንደ ቴምር፣ ብስኩትና ከረሜላ ያሉ ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ምግቦች ከተበሉ በኋላ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ይመከራል። ሻይና ቡናን በብዙ ስኳር ቀኑን ሙሉ መጠጣትም ጥርስ ከስኳር ጋር የሚቆይበትን ሰዓት ያራዝማል።

ምራቅ ሲቀንስ

አፍ ራሱን የሚያጸዳው በምራቅ ነው። ጤናማ አዋቂ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። በእንቅልፍ ሰዓት ይህ መጠን እጅግ ይቀንሳል፤ ጠዋት ስንነሳ አፋችን የሚሸተውም በዚህ ምክንያት ነው። በአፍ የሚተነፍስ ወይም የሚያንኮራፋ ሰው ደግሞ አፉ ይበልጥ ይደርቃል።

በቂ ውሃ አለመጠጣት፣ አልኮል፣ ሲጋራና ጫት አፍን ያደርቃሉ። ለአለርጂ፣ ለድብርትና ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ። መድኃኒቱ አፍ ካደረቀ ሐኪምን ማማከር እንጂ በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ምግብና ውሃ የሚተው ሰው፣ ወይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ምራቁ ይቀንሳል። ከዚህ በተጨማሪ ሰውነት ለረጅም ሰዓት ምግብ ሲያጣ ስብን ማቃጠል ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው አሴቶን በትንፋሽ ይወጣል፤ ሽታውም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን ይመስላል። እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝን ጨርሰው በመተው ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ ሰዎችም ይኸው ያጋጥማቸዋል። ይህ ሽታ ከሳንባ የሚመጣ በመሆኑ ጥርስ በመቦረሽ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ምግብ ሲበላ ነው።

ለጿሚዎች የሚጠቅመው ውሃን በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ በሚፈቀደው ሰዓት ውስጥ ከፋፍሎ መጠጣት ነው። ከጾሙ በፊት የመጨረሻውን ምግብ ከበሉ በኋላም ጥርስን፣ በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተትና ምላስን ማጽዳት ያስፈልጋል።

ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት

የነጭ ሽንኩርት ሽታ ጥርስ ተቦርሾ እንኳ የማይለቀው በደም ውስጥ ስለሚገባ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ የሚወጡት የድኝ ውህዶች አንዱ ክፍል ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ ተሻግሮ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ሽታው እስከ ማግስቱ ሊዘልቅ ይችላል።

ሙቀት ይህን ኃይል ያዳክማል። በወጥ ውስጥ ብዙ ሰዓት የበሰለ ነጭ ሽንኩርት እንደ ዳጣ ባሉ ማባያዎች ውስጥ በጥሬው ከሚገባው ያነሰ ሽታ ይተዋል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2010 ባወጡት ጥናት ወተት ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲጠጣ በትንፋሽ ውስጥ የሚገኙትን የሽታ ውህዶች እንደሚቀንስ፣ ስቡ ያልወጣለት ወተትም የተሻለ እንደሚሠራ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ በ2016 በወጣ ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ጥሬ ፖም፣ ጥሬ ሰላጣና የናና ቅጠል ተመሳሳይ ጥቅም እንዳላቸው አመልክተዋል።

ወተት የቶንሲል ጠጠር ያመጣልን?

በስፋት የሚነገር ነገር ቢሆንም ወተት የቶንሲል ጠጠር እንደሚያመጣ የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲደባለቅ ጉሮሮ ላይ የሚተወው ወፈር ያለ ስሜት አክታ የጨመረ ያስመስለዋል እንጂ ወተት የአክታን ምርት አይጨምርም። በጠጠሩ ውስጥ ካልሲየም መኖሩም ካልሲየም ያለባቸውን ምግቦች ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ካልሲየሙ በምራቅ ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ነውና። በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በዚህ ምክንያት ወተት ቢተዉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የሚበጀው ከወተት በኋላ ውሃ መጠጣት ነው።

ምን ማድረግ ይጠቅማል?

• ቀኑን ሙሉ ውሃን ጥቂት በጥቂት መጠጣት።
• እንደ ካሮት፣ ፖምና ሰላጣ ያሉ ማኘክ የሚፈልጉ አትክልትና ፍራፍሬዎችን ማዘውተር፤ ማኘክ ምራቅን ያበዛል። ስኳር የሌለው ማስቲካም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል።
• በቀን ሁለት ጊዜ ጥርስን መቦረሽ፣ በጥርስ ክር መጠቀም፣ ምላስን ከኋላ ወደ ፊት በእርጋታ መጥረግ። የእንጨት መፋቂያ የሚጠቀሙ ሰዎች መፋቂያው የጥርስን ገጽ ቢያጸዳም የጥርስን መካከልና ምላስን ለብቻ ማጽዳት እንደሚቀር ልብ ሊሉ ይገባል።
• ከምግብ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ አንገትን ቀና በማድረግ እስከ ጉሮሮ መጉመጥመጥና መትፋት። ይህ በቶንሲል ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረውን ርዝራዥ ለማላቀቅ ይረዳል።
• አልኮል ያለባቸው የአፍ ማጠቢያዎች አፍን ሊያደርቁ ስለሚችሉ አልኮል የሌለባቸውን መምረጥ።

ከምን መቆጠብ ይገባል?

ጠጠሩን በስቴኪኒ፣ በመርፌ ወይም በጥፍር ለማውጣት መሞከር አደገኛ ነው። ቶንሲል በደም ሥር የተሞላ በመሆኑ በቀላሉ ይደማል፤ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መውሰድም መፍትሔ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ቀዳዳዎቹን ስለማይደፍን ጠጠሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ባክቴሪያዎቹ ግን መድኃኒቱን ሊላመዱት ይችላሉ።

በኢትዮጵያ በአንዳንድ አካባቢዎች የጉሮሮ ሕመም ሲያጋጥም በባህላዊ መንገድ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስወጣት እስካሁን አልቀረም። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ የሚፈጸመው ይህ ድርጊት ለከባድ መድማት፣ ለቴታነስና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል። እንጥል መቁረጥ ደግሞ በቶንሲል ውስጥ ለሚፈጠር ጠጠር ምንም ፋይዳ የለውም።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከላይ የተጠቀሱት ልማዶች ተስተካክለው ጠረኑ ካልለቀቀ በቅድሚያ የጥርስ ሐኪም፣ ቀጥሎም የአንገት በላይ ሐኪም ማየት ተገቢ ነው። የአንዱ ወገን ቶንሲል ብቻ ካበጠ፣ ከጉሮሮ ደም ከወጣ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም በአንገት ላይ የወጣ እብጠት ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ መዘግየት አይገባም። የስኳር ሕመምተኛ ትንፋሹ የፍራፍሬ ሽታ ካመጣና ማስመለስ ወይም መፍዘዝ ከታየበት በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ቶንሲልን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጠጠሩ እየተመላለሰ ሲያስቸግርና ሌላው ሁሉ ሳይረዳ ሲቀር ሐኪሙ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ይወስናል።

ሰው የራሱን የአፍ ጠረን በትክክል ማሽተት ይቸገራል። አፋቸው የማይሸት ሆኖ ሳለ ይሸታል ብለው የሚሰቃዩ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ችግሩ እያለባቸው የማያውቁም አሉ። ስለዚህ አንድን ምግብ ከመተው ወይም መድኃኒት ከመግዛት አስቀድሞ የሚታመን የቤተሰብ አባልን በግልጽ መጠየቅ ይገባል። የተጠየቀውም ሰው በደግነትና ሳያሳፍር እውነቱን መናገር ይኖርበታል።