የውሰት ክንፍ

ጉምቦ ያለችው ከጁባ ነጭ ዓባይን ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ነው። ከኡጋንዳ ጠረፍ፣ ከኒሙሌ ተነስቶ 192 ኪሎ ሜትር የሚመጣው አስፋልት ድልድዩን ከመርገጡ በፊት በእኛ ደጅ ያልፋል። ሲሚንቶ የጫነ፣ ዱቄት የጫነ፣ ነዳጅ የጫነ መኪና እዚህ ይቆማል። ሾፌሩ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ኳስ ያያል። እኔም የምተዳደረው በዚሁ ነው፤ ቀን ፍርፍርና ሻይ፣ ማታ ደግሞ ጄኔሬተር አስነስቼ ኳስ አሳያለሁ።

ከቤቴ ፊት ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም የጎርፍ ቦይ ነው። በሌላው በኩል መኪና ስለሚቆም ሜዳው አንድ ቀን ይሰፋል፣ አንድ ቀን ይጠባል። ከልጆቹ አንዱ፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሁልጊዜ ቦዩን ተጠግቶ ይቆማል። ኳስ ሲደርሰው አይቸኩልም። ቀኝ እግሩን ኳሷ ላይ አሳርፎ ተከላካዩን ይጠብቀዋል። ያኛው ሊነጥቀው እግሩን ሲዘረጋ ትከሻውን ወደ ውስጥ ሰበር ያደርጋል፤ ኳሷን ግን በቦዩ አፋፍ፣ አንድ ስንዝር በማትሞላ አፈር ላይ ያሾልካታል። ማንም አላስተማረውም። መስመር ላይ የቆመ ሰው አንድ ጎኑ ዝግ ነው፤ ተከላካዩም ይህን ያውቃል። የክንፍ ተጫዋች ሙያው በዚያ በተዘጋው ጎን ማለፍ ነው። እኔ ይህን እስካውቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

አዎ፣ የግራ ክንፍ ነበርኩ። 11 ቁጥር። በእኛ ጊዜ ትምህርቱ አንድ ነበር፤ መስመርህን ያዝ፣ እስከ ጥግ ሩጥ፣ አሻማ። ይህ ትምህርት ከሩቅ የመጣ ነው። (ዓመታቱንና ቀኖቹን የምጽፈው እዚህ ጁባ በምንቆጥርበት በአውሮፓውያኑ ነው።) በ1953 በእንግሊዝ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ብላክፑል በቦልተን 3 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 አሸነፈ። ሦስቱን ጎል ያገባው ስታን ሞርተንሰን ነው። ጨዋታው እስከ ዛሬ የሚጠራው ግን በቀኝ ክንፉ በስታንሊ ማቲውስ ስም ነው፤ እያለፈ ያሻማው እሱ ነበርና። ማቲውስ በ1956 የመጀመሪያውን ባሎን ዶር ሲወስድ 41 ዓመቱ ነበር፤ በአንደኛው ዲቪዚዮን የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ1965፣ በ50 ዓመቱ ነው። በማግስቱ ዓመት በ1966 አልፍ ራምሴ ክንፍ በሌለው ቡድን የዓለም ዋንጫን ለእንግሊዝ አነሳ፤ ያኔ ብዙ አሠልጣኝ መስመሩን ባዶ መተው ጀመረ። ክንፍ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ሆኖ ተመለሰ፤ ዛሬ ቀኝ እግረኛውን በግራ ያሰልፉታል፣ ማሻማቱን ትቶ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲመታ።

ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚቀይረው ክንፉን ነው። ቡድን ሲመራ ተከላካይ ለመጨመር፣ ሲመራበት አጥቂ ለመጨመር ክንፉ ይወጣል። ክለብም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የሚያውሰው ክንፉን ነው። እኔን የያዘኝ ክለብ በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ከተማ ቡድን በውሰት ሰጠኝ። እቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ ከምጣዷ ቀና ብላ፦ «ምነው ልጄ፣ ድስት ነህ እንዴ?» አለችኝ። በሰፈራችን የሚዋሰው ድስት፣ ወንፊት፣ ለድግስ ወንበር ነው። የተዋሰ ዕቃ የባለቤቱን ያህል አይጠነቀቁለትም። ጉልበቴ የተጎዳው እዚያ ነው፤ ያሳከመኝም አልነበረም።

የአውስትራሊያውን ክንፍ አወር ማቢልን ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ የምከታተለው በዚህ ምክንያት ነው። የሱ ሕይወት ከኳሱም በፊት ውሰት ነበር።

ታሪኩ ከእኛም አገር ከኢትዮጵያ ጋር ይነካካል። በ1980ዎቹ የሱዳን ጦርነት ሲፋፋም በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች፣ ብዙዎቹ ያለ ወላጅ፣ በእግራቸው ጋምቤላ ገቡ። ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ መጠለያ ሆኑላቸው። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ተነሱ፤ ወደ ሱዳን ሲመለሱ የጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላ ተኩስ፣ ከፊት ውኃ። የተረፉት ከብዙ ወራት መንከራተት በኋላ ኬንያ ደረሱ፤ የካኩማ ካምፕ በ1992 የተከፈተው እነሱን ለመቀበል ነው። ከደንበኞቼ አንዱ በዚያ ያለፈ ሰው ነው። አሁን የራሱ የጭነት መኪና አለው። አማርኛውን ፉኝዶ ነው የተማረው፤ «ወንድሜ» ብሎ ይጠራኛል፣ ሻይ ሲጠጣ ስለ ጊሎ አያወራም፣ እኔም አልጠይቀውም።

ማቢል መስከረም 15 ቀን 1995 ካኩማ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከዚያው ጦርነት የሸሹ ናቸው። በቀን አንዴ የሚበሉበት ጊዜ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ኳሱ ፌስታልና ጨርቅ ተጠቅልሎ የተሠራ ነበር። የጨርቅ ኳስ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ካልሲው ውስጥ ጨርቁን ጠቅጥቀህ አፉን ትቋጥራለህ፤ ቋጠሮው ባለበት በኩል ኳሱ ይከብዳል፣ ሲንከባለልም ይንጋደዳል። ስለዚህ ከእግርህ ማራቅ አትችልም፤ በትንሽ በትንሹ እየነካካህ ትሄዳለህ። ማቢል ሲነዳ አስተውሉ፤ ያ አነካክ ዛሬም እግሩ ላይ አለ።

በ2006፣ በአሥር ዓመቱ ቤተሰቡ አውስትራሊያ፣ አደላይድ ገባ። በ2013 ለአደላይድ ዩናይትድ ዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2015 የዴንማርኩ ሚድትዩላንድ ገዛው፣ ገዝቶም አዋሰው። መጀመሪያ እዚያው ዴንማርክ ለኤስቢየር፣ ቀጥሎ ፖርቱጋል ለፓሶስ ደ ፌሬራ። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሄደ። ብዙ ክንፍ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም የጠፋሁት እዚህ ጋ ነው። እሱ ግን በ2018 ተመልሶ ቦታውን ያዘ። በ2019 የዴንማርክ ዋንጫ፣ በ2020 ሊጉ፣ ከዚያም ቻምፒየንስ ሊግ፤ ምድባቸው ሊቨርፑል፣ አያክስና አታላንታ ያሉበት ነበር። በዚህ መሃል፣ በጥር 2019፣ አውስትራሊያ ከእስያ ዋንጫ እንደተሰናበተች እህቱ በመኪና አደጋ ሞተችበት።

ቤቴ ውስጥ አንድ ክርክር አይቀርም፤ ለምን ለደቡብ ሱዳን አልተጫወተም? ወጣቶቹ በዚህ ይቆጣሉ። እኔ የምመልሰው ዓመት በመቁጠር ነው። ልጁ አደላይድ ሲገባ ይህች አገር ነፃ ልትወጣ ገና አምስት ዓመት ይቀራት ነበር። ደቡብ ሱዳን ፊፋን የተቀላቀለችው በግንቦት 2012 ነው፤ እዚሁ ጁባ ከኡጋንዳ ጋር 2 ለ 2 የወጣችበት የመጀመሪያ ይፋዊ ጨዋታዋ ሐምሌ 10 ቀን 2012 ነበር። ኢኳቶሪያል ጊኒን በአታክ ሉዋል ጎል 1 ለ 0 አሸንፋ የመጀመሪያ የውድድር ድሏን ያገኘችው በመስከረም 2015፣ ማቢል ዴንማርክ ከገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። ጥቅምት 2018 ኩዌት ላይ ለአውስትራሊያ መጀመሪያ ተሰልፎ ጎል ሲያገባ፣ ናይሮቢ የተወለደው የአደላይድ ጓደኛው ቶማስ ዴንግም በዚያው ጨዋታ የመጀመሪያ ማልያውን ለበሰ። ሁለቱም የደቡብ ሱዳን ልጆች ናቸው። ያን ቀን ያየነውን ማን ሊነጥቀን ይችላል?

ሰኔ 13 ቀን 2022 ማታ ቤቴ መቆሚያ አልነበረውም። ኳታር ላይ አውስትራሊያና ፔሩ፣ ያሸነፈ የዓለም ዋንጫ ይገባል። ማቢል ተቀይሮ ገብቷል። 120 ደቂቃ ያለ ጎል አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት አምስት አምስት ተመትቶ እኩል ሆኑ፤ ስድስተኛውን ሊመታ ከመሃል ሜዳ የተነሳው እሱ ነው። ጄኔሬተሩ እንዳይጠፋ ነዳጁን ሁለቴ አይቼ ተመለስኩ። ባለ መኪናው ደንበኛዬ ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መለሰ። ማቢል መታ፣ ገባ። ቀጥሎ በረኛው አንድሩ ሬድሜይን የፔሩን ኳስ አዳነ፣ ቤቱ ተናወጠ። ደንበኛዬ አልጮኸም። «እግሩ ተንቀጠቀጠ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አልተንቀጠቀጠም አልኩት።

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልተቋረጠም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቱርክ ካሲምፓሳ በውሰት ነበር። ከዓለም ዋንጫው በፊት ስፔን ካዲዝ ፈረመ፤ በ2023 መጀመሪያ ካዲዝ ለስፓርታ ፕራግ አዋሰው፣ ስፓርታም በዚያ ዓመት የቼክ ሊግን በላ። ከዚያ ስዊዘርላንድ፣ ግራስሆፐር። ከወንድሙ ጋር በመሠረተው ድርጅት በኩል ለካኩማ ልጆች ጫማ የሚልከውም በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

በ2024 ክረምት አንድ ማታ ደንበኛዬ ከኒሙሌ ገብቶ አቧራውን ሳያራግፍ ተቀመጠ። «ልጃችን አሁን የት ነው?» አለኝ። ካስቴዮን፣ ስፔን፣ ሁለተኛው ሊግ፣ አልኩት።

«በውሰት?»

«አይደለም። ፈርሞ ነው የገባው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠና ሌላ ሻይ አዘዘ፤ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለእኔ።