ወጣቱ፣ ቻይናና የመንዝ ደጋ፦ የአንድ ልውውጥ ታሪክ



የቻይናና የኢትዮጵያ ግንኙነት ሲነሣ ወዲያው ወደ ልቡናችን የሚመጣው የባቡር ሐዲድ፣ የአውራ ጎዳናና የብድር ነገር ነው። እኔ ዛሬ ሰዎችን፣ በተለይም ወጣቶችን ተከትዬ ልሄድ እወዳለሁ። ማን ወዴት ተላከ? ማንስ ጠራው? የደረሰበት አገር ሰው በነገሩ ውስጥ ቃል ነበረውን? ይህን የምጠይቀው ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ሆኜ ነው። ቻይናውያን መንገድ ቀያሾች በመጀመሪያ የሠሩት ከዚህ ራቅ ብሎ በሰሜን ነው፤ ነገር ግን «ወጣቱ ወደ ገጠር ይውረድ፣ ገበሬውን ያንቃ» የሚለው የዘመኑ ሐሳብ ወደ መንዝ የደረሰው ገና ቀደም ብሎ፣ በራሳችን ልጆች እግር ነበር።

ከሩቁ ልጀምር። ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ወጣቶች በብዛት የተገናኙበት የመጀመሪያው ስፍራ የጦር ሜዳ ነው። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ወደ ኮርያ ዘመተ። በየተራው የዘመቱት ሁሉ ከ6,000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ወንድሞቻችን በዚያ ወደቁ። በፊት ለፊታቸው የተሰለፈው የቻይና ሠራዊት ራሱን የሚጠራው «የሕዝብ ፈቃደኛ ጦር» ብሎ ነበር። «ፈቃደኛ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል።

ከኮርያ በኋላ ግንኙነቱ የተለሳለሰው ቀስ በቀስ ነው። የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በጥር 1956 ዓ.ም. አፍሪካን ሲዞሩ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር፤ ሆኖም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተቀበሏቸው በመናገሻ ከተማቸው ሳይሆን በአሥመራ ነው። የአሜሪካ ወዳጅ የነበረ መንግሥት ቤጂንግን በጓሮ በር ያስተናገደበት አኳኋን ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ይፋዊው የዲፕሎማሲ ግንኙነት የተመሠረተው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ድረስ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ወለድ የሌለው የልማት ብድርም ተፈረመ።

የታሪኩ ምፀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ከማኦ ጋር በተጨባበጡበት ዘመን፣ ንጉሡን ለመጣል የሚሹት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማኦን ጽሑፍ በየመኝታ ክፍላቸው ያነቡ ነበር። ገበሬው የአብዮት ዋና ኃይል ነው፤ ምሁሩ ከገበሬው ተምሮ ገበሬውን ማስተማር አለበት የሚለው አስተሳሰብ የዚያን ትውልድ ልብ ገዝቶ ነበር። በቻይና ራሷ ከ1961 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ የከተማ ወጣት «ወደ ተራራው ውጣ፣ ወደ መንደሩ ውረድ» ተብሎ ወደ ገጠር ተልኳል። በኢትዮጵያም መንገዱ በከፊል ተጠርጎ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። ስለዚህ ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. «እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ»ን ሲያስጀምር ሐሳቡ ከአንድ ምንጭ ብቻ የተቀዳ አልነበረም። ከአገሩ የአገልግሎት ልምድ፣ ከተማሪው የቻይና ንባብ፣ ከወታደሩም ከተማዋን ከተማሪ ረብሻ የማጽዳት ፍላጎት ተቀላቅሎ የወጣ ነው። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ተሰማሩ።

ሁለት ወር ከመንፈቅ እንዳለፈ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ዘማቹም በአንድ ጊዜ ከመምህርነት ወደ አዋጅ አስፈጻሚነት ተሸጋገረ።

አሁን ወደ መንዝ እንውጣ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ መሐል ሜዳ ያደርሳል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የተባሉት የመንዝ ክፍሎች የየአቅኚ አባቶቻቸው ስም የቀረባቸው ናቸው፤ ስሙ ራሱ ርስትን ይናገራል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጢሰኛው ለባለመሬቱ ሢሶ ወይም እኩሌታ የሚያርስበትን ሥርዓት ያየ ዘማች «መሬት ላራሹ» ሲል ቃሉ ወዲያው ሥጋ ይለብስለታል። በመንዝ ግን አራሹ በአብዛኛው ባለርስት ነው፤ ጠባብም ቢሆን፣ ሙግት የበዛበትም ቢሆን፣ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ቆጥሮ የሚይዘው መሬት አለው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ሲባል በመንዜ ጆሮ የገባው ከባላባት መዳኑ ሳይሆን ከአባቱ መነቀሉ ነበር። በዚያው ዘመን በመስፍንና በመርዕድ ብሩ የተመራው ዐመፅ በዚህ አገር የተቀጣጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመሳፍንት ጥቅም አንዱ መንሥኤ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ተራው ባላገር ለምን ተከተላቸው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ በርስት ውስጥ ነው።

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳለ መንዝ ገብቶ ኖሮ፣ በኋላ «ሰምና ወርቅ» በሚል ስም ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የርስት ነገር በሰፊው ጽፎታል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1965 ወጥቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ መንዝ የተላከው የአዲስ አበባ ልጅ ግን በእጁ ይዞት የሄደው ስለ ሌላ አገር ገበሬ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር። ይህን ስል ዘማቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ያ ወጣት እውነተኛ ነበር፣ ብዙውም ሕይወቱን ሰጥቷል። ግን የታሪክ ተማሪ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የጓሳ ነገር ነው። በጌራ ምድር ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ስፍራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ ዘሮች የሚመርጡት «አባ ቄራ» የሚባል ኃላፊ ነበራቸው። ሜዳው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ሣሩ በቂ ሲሆን ሕዝቡ ተመካክሮ ይከፍተዋል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ ገሳ የሚሆነው ይታጨዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ይህ መብት የቆመው በርስት ላይ ነበርና አዋጁ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። «ኅብረት»ን ሊያስተምር የወጣው ዘመቻ ባለበት ዓመት፣ ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ የኖረ ኅብረት ፈረሰ። በኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል፤ ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰብ የሚጠበቅ አካባቢ ተብሎ በዓለም ይጠቀሳል።

ተማሪው በመንዝ ሳለ፣ ከመንዝና ከግሼ በስተ ሰሜን ቻይናውያን ራሳቸው ደርሰው ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚወርደው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በንጉሡ ጊዜ በተፈረመው ስምምነት መነሻነት በደርግ ዘመን ተሠራ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከ1966 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም የሄናን ግዛት ሐኪሞች በየተራ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ጀመር። ደርግ ወደ ሶቪየት ኅብረት ባዘነበለ ጊዜ ከቤጂንግ ጋር የነበረው ፖለቲካ ቢቀዘቅዝም መንገዱ ግን ተጠናቀቀ። መንገድ ጠባይ አለው፤ የሠራው መንግሥት ቢኳረፍም አገልግሎቱን አያቋርጥም። የሰው ልውውጥ ይህ ጠባይ የለውም።

ለዚህ ማስረጃው የአፍሪካ ተማሪዎች በቻይና የነበራቸው የመጀመሪያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1962 ገደማ ከ11 አገሮች የመጡ 118 አፍሪካውያን በቻይና ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 1962 ድረስ 96ቱ ጥለው ወጥተዋል ወይም ለመውጣት ተነሥተዋል። ጋናዊው ኢማኑኤል ሄቪ ምክንያቱን በመጽሐፍ ዘርዝሯል፦ የኑሮው ጥበት፣ የፖለቲካ ስብከቱ ብዛት፣ ከቻይናውያን ጋር በነፃነት ለመወዳጀት አለመቻል፣ የቆዳ ቀለም ንቀት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 በናንጂንግ በአፍሪካውያን ተማሪዎች ላይ የተነሣው ሁከትም የቆየ ቁስል ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና የነበሩት አፍሪካውያን ተማሪዎች 81,562 ነበሩ። በዚያው ዓመት በቤጂንግ በተደረገው የቻይና–አፍሪካ የትብብር ጉባኤ 50,000 የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥና 2,000 አፍሪካውያን ወጣቶች ለልውውጥ ቻይናን እንደሚጎበኙ ቃል ተገብቷል።

ወደ እኛ የመጡትስ? የትብብሩ ጉባኤ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተካሄደ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ክረምት 12 ቻይናውያን ወጣት ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ። ቻይና ወደ አፍሪካ የላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኛ ወጣቶች እነዚህ ናቸው። ቆይታቸው ስድስት ወር ነበር። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. በቤጂንግ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 300 ወጣቶች ወደ አፍሪካ እንደሚላኩ ተነገረ። ኮርያ ላይ ጠብመንጃ ይዞ የቆመው «ፈቃደኛ» አሁን ያመጣው የሙያ ትምህርት ነበር፤ ከተያዙትም ሙያዎች አንዱ የባዮጋዝ ሥራ ነው።

በባዮጋዝ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ለደጋው አገር ከማንኛውም ንግግር በላይ የሚያስተምር ይመስለኛል። የመንዝ ደጋ ዛፍ የራቀው ነው፤ ምድጃ የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱ በነደደ ቁጥር ገብሱ ማዳበሪያውን ያጣል። ባዮጋዝ ይህን ቋጠሮ ይፈታል፦ እበቱ ጉድጓድ ገብቶ ጋዝ ይሰጣል፣ ዝቃጩ ወደ ማሳ ይመለሳል። ከምድር በታች የሚሠራው ጉልላታማ ጉድጓድ መነሻው ቻይና ነው፤ በኋላ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተስፋፋው «ስንዱ» የተባለው ዓይነትም በኔፓል በኩል የመጣ የዚሁ ዘመድ ነው። ነገር ግን ጋዙን የሚያመነጩት ጥቃቅን ሕዋሳት ሙቀት ይሻሉ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሥራቸው እጅግ ይዘገያል። የመንዝ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። በተጨማሪም ጉድጓዱ በየቀኑ እበትና ውኃ ይፈልጋል፤ መንዜ በይበልጥ የበግ አርቢ ነው፣ ውኃውንም እናቶችና ልጃገረዶች ከሩቅ ምንጭ በጀርባቸው ይሸከማሉ። ስለዚህ በወንጪትና በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባሉት የመርሐቤቴ ቆላማ ቀበሌዎች የሚያምር ነገር ራቤል ላይ ወይም መሐል ሜዳ ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ይህን ለማወቅ ከስድስት ወር በላይ መኖር፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የቤቷን እመቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው በአማርኛ መሆን አለበት፤ በስድስት ወር አማርኛ ለምዶ ስለ ኩበት የሚጨዋወት ወጣት ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ሌላ ዓይነት ትብብር በዚሁ አገር ስላለ ላነጻጽር። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት፣ መሥራቹ የፊልም ተዋናይ የነበረው ካርልሃይንዝ በም፣ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል፤ እናት ሆስፒታል ከእርሱ ሥራዎች አንዱ ነው። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮም ዓለም ከተማ በጀርመን ባቫርያ ካለችው ፋተርሽቴተን ጋር የእኅትማማችነት ግንኙነት አላት። በገንዘብ ሚዛን ብንመዝነው ከቻይና መንገዶች ጎን የሚቆም አይደለም፤ ርዳታ ነውና የሰጪና የተቀባይ ሚዛኑም እኩል አይደለም። ሆኖም አንዲት ትንሽ ከተማ ሌላዋን ትንሽ ከተማ በስሟ ታውቃታለች፤ መንግሥታት በመካከሉ ቢለዋወጡም ደብዳቤው አድራሻውን አይስትም። በቻይናና በአፍሪካ መካከል ያለው የወጣቶች ልውውጥ ግን በአብዛኛው ከመዲና ወደ መዲና ነው። ተጋባዡን የሚመርጠው ሚኒስቴር ነው፣ የሚጎበኘውም ፋብሪካና ግንብ ነው። የሲቹዋን ደገኛ ገበሬ ልጅና የግሼ ደገኛ ገበሬ ልጅ ስለ ገብስ፣ ስለ በግ፣ ስለ ውርጭ የሚነጋገሩበት መድረክ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታችሁ ወደ ቤጂንግ፣ ወደ ቲያንጂን ወይም ወደ ናንጂንግ የምትሄዱ ከመካከላችሁ ትኖራላችሁ። የቄሮ ሥርዓት የጽሑፍ ጥናት አለው፣ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። የዘመቻው የመንዝ ታሪክ ግን በአብዛኛው ያለው በሰዎች አንደበት ነው። ያኔ ሃያ ዓመት የሆነው ዘማች፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት የሆነው ባለርስት ዛሬ ሰባና ሰማንያ አልፏቸዋል። መቅረጫ ይዞ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚወጣ ተማሪ በዚህ ክረምት ቢነሣ፣ ሁለቱንም ወገን ጠይቆ ለመመለስ ገና ጊዜ አለው።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።