የሰንደቅ ዓላማ ቃል በባሕር ላይ

ዓላማ ማለት ምልክት ማለት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ እንደ ተነገረው የእስራኤል ነገዶች በምድረ በዳ ሲሰፍሩ እያንዳንዱ በየዓላማው ሥር እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ ይህም ወገን ከወገኑ እንዳይቀላቀል፥ ሰልፉም እንዳይታወክ ነው። በየብስ ግን ሰው ሰውን በፊቱና በንግግሩ ስለሚያውቀው ዓላማ ቢጠፋ ሌላ ማስረጃ ይገኛል። በባሕር እንዲህ አይደለም። ሁለት መርከቦች በሰፊው ውኃ ላይ ሲተያዩ ድምፅ አይደርስም፥ ፊትም አይለይም። የሬድዮ መሣሪያ እስኪፈለሰፍ ድረስ ወዳጅና ጠላት፥ ጤነኛና በሽተኛ ከሩቅ የሚታወቀው በመርከቡ ምሰሶ ላይ በሚውለበለበው ጨርቅ ነበር። ስለዚህ በባሕር ላይ ጨርቁ ሰም፥ ቃሉ ወርቅ ነው።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. ገደማ ሆም ፖፕሃም የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ለብዙ ቃላት ቍጥር ሰጥቶ የምልክት መጽሐፍ አዘጋጀ። ኦክቶበር 21 ቀን 1805 በትራፋልጋር ውጊያ ሊጀመር ሲል አድሚራል ኔልሰን ለመርከቦቹ ሁሉ፥ እንግሊዝ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንደሚፈጽም ትተማመናለች የሚል ቃል እንዲሰቀል አዘዘ። የምልክቱ ሹም ፓስኮ ግን «ትተማመናለች» የሚለው በመጽሐፉ ስለሌለ በፊደል መቈጠር እንዳለበት፥ «ትጠብቃለች» የሚለው ግን እንዳለ ነገረው፤ ኔልሰንም ተስማማ። «ግዴታ» የሚለው ቃል ደግሞ በመጽሐፉ ስላልነበረ ፊደል በፊደል ተሰቀለ።

ለንግድ መርከቦች የሚሆን የምልክት መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር በ1857 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ ወዲህ እየታረመ የመላው ዓለም ሆኗል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ በዘጠኝ ቋንቋ ስለ ተዘጋጀ የግሪክና የጃፓን መርከበኞች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ይግባባሉ። ቀይና ብጫ በሰያፍ የተከፈለበት ዓላማ ሰው ባሕር ውስጥ ወድቋል ማለት ነው። በወደብ ያለች መርከብ በሰማያዊ መካከል ነጭ ያለበትን ስትሰቅል ልትነሣ ነውና ሠራተኞቿ ሁሉ ይግቡ ማለቷ ነው። ብጫው ቀድሞ የተላላፊ በሽታ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ዛሬ ግን መርከቧ ጤነኛ ናትና ወደ ወደቡ ትግባ የሚል ልመና ሆኗል።

በጦርነት ጊዜ ሰንደቅ ዓላማን ማውረድ እጅ መስጠት ነው። በ1797 ዓ.ም. በካምፐርዳውን ጦርነት የአድሚራል ደንከን መርከብ ምሰሶ ጫፉ ተመትቶ ዓላማው በወደቀ ጊዜ ጃክ ክራውፎርድ የተባለ መርከበኛ በጥይት መካከል ወጥቶ በሚስማር ቸነከረው። ዝም ቢባል ኖሮ የቀሩት መርከቦች አዛዣቸው የተማረከ ይመስላቸው ነበር።

በሰንደቅ ዓላማ ማታለልም አለ። የጦር መርከብ ጠላቱን ለማሳሳት የሌላ አገር ዓላማ ቢሰቅል በባሕር ጦርነት ልማድ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ከመተኰሱ በፊት የራሱን መስቀል አለበት። በ1914 ዓ.ም. ኤምደን የተባለችው የጀርመን መርከብ ሐሰተኛ የጭስ ማውጫ ተክላ ወደ ፔናንግ ወደብ ገባች፤ ዠምቹግ የተባለችውን የሩሲያ መርከብ ከመምታቷ በፊት ግን የጀርመንን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀለች። ተንኰል የተፈቀደለት ጠላት እንኳ ሞት በሚያመጣበት ሰዓት እውነተኛ ስሙን እንዲናገር ተገድዷል።

በሰላም ጊዜ መርከብ የምትተዳደረው በሰንደቅ ዓላማዋ አገር ሕግ ነው። የባሕር ዳርቻ የሌላቸው መንግሥታትም ይህ መብት እንዳላቸው በ1921 ዓ.ም. በባርሴሎና ታወቀላቸው። በተራሮች የተከበበችው ስዊስ በ1941 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል መርከቦችን በራሷ ዓላማ አሰማራች። ኢትዮጵያም ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም አረንጓዴ ብጫ ቀይ ዓላማዋ በንግድ መርከቦቿ ላይ ይታያል።

በሌላ ወገን ብዙ ባለ መርከቦች ግብርን ለማቃለልና የሠራተኛን ሕግ ለመሸሽ መርከባቸውን በፓናማ፥ በላይቤሪያና በማርሻል ደሴቶች ስም ያስመዘግባሉ። በ1958 እና በ1982 ዓ.ም. የተጻፉት የባሕር ሕጎች በመርከብና በዓላማዋ አገር መካከል እውነተኛ ግንኙነት እንዲኖር ያዝዛሉ፤ ግንኙነቱ ምን እንደ ሆነ ግን አብራርተው አልተናገሩም። ደመወዝ ሳይከፈለው በባዕድ ወደብ የተጣለ መርከበኛ ቀና ብሎ የሚያየው ያንኑ ዓላማ ነው። ያ አገር ሲጠራ የማይመልስ እንደ ሆነ፥ ከምሰሶው ላይ የቀረው ወርቅ የሌለው ሰም ነው።