ሶብር፣ መቻል እና መገዛት

በየቤታችን በቀን ብዙ ጊዜ የምንናገራቸው፣ ትርጉማቸውን ግን ቆም ብለን የማንመረምራቸው ቃላት አሉ። ሐዘንተኛን ስናጽናና «ሶብር አድርጊ» እንላለን። የተበደለ ሰው አቤት ሲለን «ቻለው እንጂ» እንለዋለን። ጉልበተኛ ሲመጣ ደግሞ «ተገዛና እደር» የሚል መካሪ አይጠፋም። ሦስቱም አንድ ምክር ይመስላሉ። የጎጃም ሙስሊሞች ታሪክ ግን በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት እንዳለ ያስተምረናል።

በቅድሚያ ቃላቱን እንመልከት። «ሶብር» በዐረብኛ ሥሩ መያዝ፣ መግታት ማለት ነው። ዑለሞች ሲያብራሩት፣ ነፍስን ከመደናገጥ፣ ምላስን ከምሬት፣ እጅንም ፊት ከመንጨትና ልብስ ከመቅደድ መግታት ነው ይላሉ። አማርኛችንም የሚገርም ነገር አለው። «ቻለ» ማለት ታገሠ ማለት ነው፤ «ቻለ» ማለት አቅም ኖረው ማለትም ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ቻይ የሚባለው አቅም ያጣ ሰው ሳይሆን አቅም ያለው ሰው ነው።

«ተገዛ» ግን ሌላ ነው። ነጋዴ ዕቃ ገዛ፣ ንጉሥ አገር ገዛ ይባላል። የተገዛ ነገር ባለቤት አለው። እኛም ለአላህ (ሱ.ወ) ብቻ እንገዛለን ስንል፣ ባለቤታችን እርሱ ብቻ ነው ማለታችን ነው። «ኢስላም» የሚለው ስም ራሱ ለአላህ እጅ መስጠትን ያመለክታል፤ ሥሩም ሰላም ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በምዕራብ ጎጃም የምትገኘው የፍኖተ ሰላም ከተማ፣ በግእዝ የሰላም መንገድ የሚል ስሟ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ይዟል።

በየዒደል አድሓው የምናስታውሰው የኢብራሂምና የልጃቸው (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁለቱን ቃላት በአንድ ቦታ ያገናኛል። ልጁ የአባቱን ሕልም ሲሰማ አላህ ከፈቀደ ከታጋሾቹ እንደሚሆን ነገረው፤ ከዚያም ሁለቱም ለአላህ ትእዛዝ እጃቸውን ሰጡ። ልብ እንበል! እኚሁ ኢብራሂም ናቸው ለንጉሥ ዛቻና ለእሳት እጃቸውን ያልሰጡት።

ይህን ይዘን ወደ ጎጃም እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከእናርያ የሚነሣው የሲራራ ንግድ በጉዱሩ በኩል ዐባይን ተሻግሮ፣ በየጁቤ አጠገብ ወደሚውለው የባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይቀጥላል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይጫናል፤ አሞሌ ጨው መገበያያ ነው። የዚህ ንግድ ዋና አንቀሳቃሾች ሙስሊሞች ነበሩ። ይህ ደግሞ በምርጫ ብቻ የሆነ አልነበረም። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት ባለቤት መሆን ስለማይችል፣ የተተወለት ንግድና ሽመና ነበር። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው ተረት የተተረተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ የባሰው ቀን በ1870 ዓ.ም. መጣ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሃይማኖትን አንድ ለማድረግ ወሰኑ፤ ሙስሊሙም በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሼኽ ጠልሓ ኢብን ጃዕፈር ግን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። ብዙዎች ቀዬአቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከቀሩት መካከል ደግሞ ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ሌሊት በጓዳቸው የሚሰግዱ ነበሩ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ግዴታው ሲላላ፣ እነዚያ በጓዳ የሰገዱ ሰዎች ወደ አደባባይ ተመለሱ።

እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው? ላይ ላዩን ላያቸው ተገዝተዋል። ጓዳቸውን ላየ ግን ችለዋል። አስገዳጁ አንገታቸውን አግኝቷል፤ ልባቸው ግን ባለቤቱ ዘንድ ነበር። ከሞት በላይ ሃይማኖቱን ለልጁ ለማድረስ የሠጋ አባት ሌሊት ተነሥቶ ሲሰግድ፣ ያ ሶብር እንጂ ሽንፈት አይባልም።

በዚያው በጎጃም ገጠር የባላገሩን ትዕግሥት ወሰን ያሳየ ሌላም ክስተት አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ዳሞትን ጨምሮ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊነካ ነው በማለት ማሳውን አላስገምትም አለ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው በርስት ጉዳይ ነው። በዚያው አገር የሚኖረው ሙስሊም ግን በአብዛኛው የሚገመትበት ርስት እንኳ አልነበረውም።

የሙስሊሙ አቤቱታ በአደባባይ የተሰማው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት ሕዝበ ሙስሊሙ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ 13 ጥያቄዎቹን አሰማ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረውት ተሰለፉ። ከቅሬታዎቹ አንዱ የቃል ጉዳይ ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አንባል፤ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» ነን አሉ። እንግዳና ባለቤት የሚለዩት በእነዚህ ጥቂት ፊደላት ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን፣ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ፣ ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወጁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም የርስትን ሥርዓት አፍርሶ ሙስሊሙ ገበሬ እንደ ጎረቤቱ መሬት እንዲያገኝ በር ከፈተ።

የሰልፈኞቹ ሶብር ከጥያቄያቸው ጋር አልተጣላም። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ትዕግሥታቸው ያማረ ነበር፤ ሆኖም ልጆቻቸውን ሂዱና ዩሱፍን ፈልጉ ብለው ከመላክ አልቦዘኑም። ምሬታቸውን ለአላህ ብቻ አቀረቡ፤ ፍለጋውን ግን አላቆሙም።

እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻችን ቃላቱን ለይተን እናስተምር። አላህ በወሰነው፣ ሰው ሊመልሰው በማይችለው ነገር ሶብርና ውዴታ ይገባናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጀመረው ጦርነት በምዕራብ ጎጃም ስንት ቤት፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ሐዘን ገብቷል! ልጇን ለቀበረች እናት «ሶብር» ማለት ደግፎ መያዝ ነው። የተበደለውን ሰው ግን በዚሁ ቃል አፉን አንዝጋበት። ባሏ የሚደበድባትን ሴት፣ ደመወዙን የተከለከለውን የቀን ሠራተኛ «ሶብር አድርጉ» ብለን ብንመልሳቸው፣ ቃሉን የበዳይ ጋሻ እናደርገዋለን። ለእነርሱ የሚገባቸው ሶብር ክፉ ሳይናገሩ፣ ድንበር ሳያልፉ ሐቃቸውን እስከ መጨረሻው መጠየቅ ነው። የእኛ ድርሻም አብረናቸው መቆም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለእርሱ ብቻ ከሚገዙት፣ መከራን ከሚችሉት፣ ሐቅንም ከማይተዉት ያድርገን። አሚን!