ሽቦው ይነቀል ወይስ ይተው?

በኖቬምበር 1994 እ.ኤ.አ. ቴሌክትሮኒክስ የተባለው የልብ መሣሪያ አምራች አኩፊክስ የሚባለውን የፔስሜከር ሽቦ ከገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ የሁለት ሰዎች ሞት ነበር። ሽቦው ልብ ውስጥ እንደ መንጠቆ ታጥፎ እንዲቀመጥ በውስጡ ቀጭን ብረት አለው። ይህ ብረት እየተሰበረ ሽፋኑን በስቶ ይወጣና የልብን ግድግዳ ይወጋል።

መኪና ቢሆን "መልሱልን፣ እንጠግናለን" ተብሎ ነገሩ ባለቀ። ይህ ግን በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ደረት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ዜናውን የሰማ ሰው ምን ይላል? "አውጡልኝ!" ነዋ። እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ግን አወጣጡ ላይ ነው። በደም ስር በኩል የገባ ሽቦ ዓመታት ሲቆይ ሰውነት በጠባሳ ይሸፍነዋል፤ ከደም ስሩና ከልቡ ጋር ይጣበቃል። በኃይል ከተሳበ ይዞት የሚመጣው ራሱን ብቻ ላይሆን ይችላል። ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም ስር ከተቀደደ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ድሮማ ሐኪሞች የሽቦውን ጫፍ ከክብደት ጋር አስረው በአልጋው ጠርዝ በኩል ያንጠለጥሉና ቀስ ብሎ እስኪላቀቅ ይጠብቁ ነበር (አልጋው ላይ የተኛውን ሰው አስቡት!)። በኋላ ፍሎሪዳ ውስጥ ቻርልስ ባይርድ በሽቦው ላይ በሚንሸራተቱ ቱቦዎች ጠባሳውን እየላቀቀ ማውጣትን አዳበረ። በአኩፊክስ ጊዜ ሌዘሩ ገና በሰፊው አልገባም።

ብዙዎች አስነቀሉ። ቆጠራው በ1999 ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በዓለም ዙሪያ በተሰበሰበው መዝገብ የተሰበረው ብረት የገደላቸው 6 ሰዎች ነበሩ። ከጥሪው በኋላ በደም ስር በኩል በተደረጉ 4,023 የማውጣት ሥራዎች የሞቱት ደግሞ 16።

እርግጥ ከተነቀለላቸው አንዳንዶቹ ባይነቀልላቸው ብረቱ ይገድላቸው ነበር ማለት ይቻላል። ቢሆንም አጥኚዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ሽቦውን እየተከታተሉ መተው ይሻላል።

ይህ "በፍጹም አይነካ" ማለት አይደለም። መሣሪያው ከተመረዘ ጀርሙ ሽቦው ላይ ይለጠፋል፤ መድኃኒት ብቻውን አያጸዳውም፤ የግድ መውጣት አለበት። ሙያውም አድጓል። በ1999 በወጣ ጥናት ሌዘር 94 በመቶውን ሽቦ ሙሉ በሙሉ ሲያወጣ ያለ ሌዘር የተሳካው 64 በመቶው ብቻ ነበር። በ2017 የታተመውና በ19 የአውሮፓ አገሮች 3,555 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ ሥራው በ96.7 በመቶ እንደተሳካ፣ ከባድ ጉዳት 1.7 በመቶ፣ ሞት 0.5 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። በዓመት ከ30 በታች በሚሠሩ ሆስፒታሎች ግን የጉዳቱም የሞቱም ቁጥር ከፍ ይላል። ስለዚህ "ይነቀል?" ከማለት ጋር "ማን ይንቀለው?" ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

በኦክቶበር 2007 ሜድትሮኒክ ስፕሪንት ፊደሊስ የተባለውን የዲፊብሪሌተር ሽቦ በመሰበር ችግር ከገበያ ሲያነሳ ጥሪው የወጣው ከምክር ጋር ነበር፦ ሽቦው እየሠራ ከሆነ ለጥንቃቄ ብላችሁ አትንቀሉት።